ንግግሩን የበላው ቁርስ

መምህር ዘመነ ሞጣ ላይ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ፀጉሩ ሸብቷል። የተወለደው ቢቸና ነው፤ ተመድቦ መጣ፣ አገባ፣ ወለደ፣ በዚያው ቀረ። ቁጣው ቅርብ አይደለም። ጠመኔ ቢጠፋ፣ ቤተ ሙከራው ውሃ ቢያጣ፣ በአንድ ዴስክ አራት ተማሪ ተጣብቦ ቢቀመጥ፣ ትከሻውን ሰብቆ ማስተማሩን ይቀጥላል። ባለቤቱ "አንተን የሚያናድድህ ነገር ምን ይሆን?" እያለች ስትቀልድበት ኖራለች። መልሱን ግን ታውቀዋለች። ዘመነን የሚያንገበግበው የእንግዳ ነገር ነው።

ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ አንድ ባለሙያ እየጋበዘ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሥራው እንዲነግራቸው ያደርጋል። ሐሳቡን ያመጣው ዘመነ ራሱ ነው። ልጆቹ በዓይናቸው ያዩት የደመወዝ ሥራ ማስተማርና ማከም፣ ቢበዛ ባንክ ቤት መቀመጥ ነው። የቀረው ሁሉ ከመጽሐፍ አይወጣላቸውም። እንግዲህ አንድ ሰው፣ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ በአካል መጥቶ "እኔ ጠዋት ስነሣ የማደርገው ይኸን ነው" ቢላቸው ምን ነበረበት?

ያ አንድ ሰዓት ግን አልገኝ አለ። አንድ ዓመት መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ መጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ባነር ተሰቀለ። መርሐ ግብሩን የሚከፍቱት የክብር እንግዳ አርፍደው ደረሱ፤ ይከፍታሉ ሲባል መዝጋቱ ጠፋቸው። መሐንዲሱ ማይኩ በስንት ጊዜው ሲደርሰው ስሙን ተናግሮ፣ የተማረበትን ተናግሮ፣ "በርቱ" ብሎ ወረደ። ሌላ ዓመት ሐኪም ተጋበዘ። ገና ከመኪና ሲወርድ የሒሳብ መምህሩ ወገቡን ይዞ ተጠጋው፤ የስፖርት መምህሩ ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳየው፤ ጸሐፊዋ የእናቷን ራጅ ይዛ መጣች። የመምህራን ማረፊያ ክፍል በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ሐኪሙ ስለ ሙያው ሊናገር መጥቶ ሙያውን ሲሠራ ውሎ ተመለሰ። ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ ቆይተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ዘመነ በዚህ ነገር እንዲህ የሚብሰለሰለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቢቸና ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ከተማው መካከል አንድ መኪና ተበላሽቶ ቆሞ ነበር። የተሳፈረበት ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የድንጋይ ተመራማሪ ነው። መካኒኩ ዕቃ ፍለጋ ሲሄድ ሰውዬው መንገድ ዳር መቆም ሰለቸውና ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባ። የፊዚክስ መምህራቸው አገኘውና "እስቲ መኪናህ እስኪሠራ ልጆቼን አናግርልኝ" አለው። እንደሚመጣ ማንም አላወቀም፤ ስለዚህ ማንም አልተዘጋጀለትም። ድንኳን የለ፣ ድግስ የለ። ሰውዬው ከኮቱ ኪስ አንድ ድንጋይ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ድንጋዩ ውስጥ የተቀበረ የባሕር ቀንድ አውጣ አሳያቸው። ከዓባይ ገደል የወጣ የባሕር ቀንድ አውጣ! የሚያውቁት ገደል አንድ ዘመን ባሕር ነበር። እንዴት እንደሚፈልግ ነገራቸው፣ ስንት ጊዜ ተሳስቶ ባዶውን እንደተመለሰ እየሳቀ ነገራቸው፤ የመኪናው ጥሩንባ እስኪጠራው ድረስ ነገራቸው።

ዘመነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ ሲሰብር ከረመ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጂኦሎጂ ጠየቀ፤ የደረሰው ኬሚስትሪ ነው፤ ከኬሚስትሪም ማስተማር። ይኸንንስ ተቀብሎታል። ነገር ግን ዛሬም አውቶቡስ ዓባይን ሲወርድ ሌላው ሰው ገደሉን እያየ "ጌታ ሆይ" ሲል፣ ዘመነ በመስኮቱ የሚያየው ያን የቢቸናውን ክፍል ነው፤ የመስኮቱን ብርሃን፣ የሰውዬውን አቧራ የጠጣ ጫማ። ያን ሰዓት ለአንድ ሌላ ልጅ ሳይሰጥ ጡረታ መውጣት አልፈለገም።

ዘንድሮ ደግሞ ያ ሰዓት በስሟ የሚፈለግላት ልጅ ነበረች። ኢልሀም ትባላለች፤ የጨርቅ ነጋዴው የሐምዱ ልጅ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። "ገባችሁ?" ሲባል ክፍሉ በሙሉ "አዎ" ሲል፣ "አልገባኝም" የምትል እሷ ብቻ ናት። ባለፈው ዓመት የሚበልጧት ልጆች ብሔራዊ ፈተናው ጥሏቸው ወደ ሱቅና ወደ እርሻ ሲመለሱ አየችና ልቧ ከትምህርት ተነሣ። ጅዳ ያለችው አክስቷ ነይ ብላታለች። ፓስፖርቱ ወጥቷል።

ዘመነ ነገሩን ሲሰማ ሱቃቸው ድረስ ሄደ።

"ጋሽ ሐምዱ፣ ይህቺን ልጅ አይላኳት" አለ።

ሐምዱ የጨርቅ ጣቃ እየጠቀለሉ ነበር። "እኔ መቼ ልላካት አልኩ? ልቧ ነው ቀድሞ የሄደው" አሉ። "አስተምር አልከኝ፣ አስተማርኩ። ተምሮ ምን እንደሚኮን ደግሞ ማንን ላሳያት? አንተን እንዳላሳያት፣ አትቀየመኝና፣ በየቀኑ ታይሃለች።"

ዘመነ ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ድንገት አንድ ሰው ትዝ አለው።

"የአብዱልሐኪምን ልጅ ያስታውሷታል? ሀኒያን?"

"ያ ጎረቤት ሱቅ የነበረው አብዱልሐኪም? ባሕር ዳር የገባው?" ሐምዱ ጣቃውን አስቀመጡት። "ያቺ ሲደክማት እዚህ ጨርቁ ላይ የምትተኛዋ ትንሽዬ ልጅ?"

"እሷ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። አሁን ተመራማሪ ሆናለች። ቢቸና አጠገብ ዋልካ መሬት ላይ ነው የምትሠራው፤ አፈሩን እያጠናች። እሷን አስመጣለሁ፤ ለልጆቹ ትነግራቸዋለች። ኢልሀም እሷን ትስማት።"

ሐምዱ ጣቃውን እንደገና አነሡ። "እንግዲያው ትምጣ" አሉ። "ልጄ ሰምታት ልቧ ከቀረ ይቅር፤ ፓስፖርቱን እኔው ራሴ ሣጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ሰምታትም ልቧ ካልቀረ ግን አንተም ተወኝ፤ ሁለተኛ እንዳትለምነኝ።"

"አልለምንዎትም።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"ሐሙስ" አለ ዘመነ። ይኸን አንድ ቃል ባልተናገርኩ ብሎ ሲቆጭ ይኖራል።

ትምህርት ቤት ያለውን መሰናክል ሁሉ አስቀድሞ ያጸዳ መስሎት ነበር። ርዕሰ መምህሩ ፋንታ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንግዳ ያለ ሥነ ሥርዓት ሲገባ ግን ራቁቱን የገባ ይመስለዋል።

"ባነር የለም" አለው ዘመነ።

"እሺ።"

"የክብር እንግዳ የለም። የመክፈቻ ንግግር የለም።"

"እሺ አልኩህ።"

"ድንኳንም የለም፤ ክፍል ውስጥ ነው።"

"አንተ ሰው፣ ልቅሶ እንኳ ድንኳን አለው እኮ!" አለ ፋንታ። ቢሆንም ተስማማ። የጠዋቱ ፈረቃ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ የከሰዓቱ ስለሚገባ፣ ሀኒያ አራት ሰዓት ላይ ትጀምርና እስኪበቃት ትናገራለች። ወደ ቢቸና የምትመለሰው የመጨረሻዋ ሚኒባስ ሰባት ሰዓት ላይ ትነሣለች፤ ከዚያ በኋላ ዘንድሮ በስጋቱ ምክንያት መንገድ የሚወጣ የለም። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

ሐሙስ ጠዋት ሀኒያ ከአራት ሰዓት በፊት መናኸሪያው ደረሰች። ይኸ ራሱ ተአምር ነበር። ቀጠን ያለች፣ ሒጃቧን ወደ ኋላ የቋጠረች፣ የሜዳ ጫማ ያደረገች ሴት ሆናለች። በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በሌላው ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ባልዲ ይዛለች።

"ቲቸር!" አለች። "ምንም አልተለወጡም እኮ!"

"ውሸቱን ተዪው። ባልዲው ምንድን ነው?"

"ዋልካ። ለልጆቹ ላሳያቸው ነው። ውሃ ሲነካው የሚያደርገውን በዓይናቸው ይዩት፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ጊዜ ይፈልጋል።"

"ጊዜ ሞልቷል" አለ ዘመነ። ኩራት ተሰማው። ዞር ሲል ግን ሐምዱ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ባጃጅ አስቁመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ሲመጡ አየ።

"የአብዱልሐኪም ልጅ! ወላሂ አባትሽን ቁርጥ! ነይ ግቢ፣ ቁርስ ደርሷል።"

"ጋሽ ሐምዱ፣ ተማሪዎቹ እየጠበቁ ነው" አለ ዘመነ።

"አራት ሰዓት መቼ ሞላና? ደግሞስ የአብዱልሐኪም ልጅ ሞጣ ድረስ መጥታ የመምህራን ክበብ ሻይ ጠጥታ ትመለስ? አባቷ ሲሰማ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? በግ ታርዷል እኮ!"

እምቢ ማለት የነበረበት እዚያ ላይ ነበር። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበረ። ነገር ግን እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ የታረደ በግ ሲጠራበት እምቢ የሚል አንደበት አልተሠራለትም። "እንግዲያው ቀመስ አድርገን እንወጣለን" አለ። ቀመስ ተደርጎ የሚወጣበት ቤት በዚያ አገር እንደሌለ እያወቀ አለ።

ቤት ሲደርሱ ፋንታን ክራቫቱን አስሮ ፍራሹ ላይ ተደላድሎ አገኙት።

"አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለው ዘመነ በሹክሹክታ።

"ተጠርቼ ነዋ። ባነር የለም አልክ እንጂ ቁርስ የለም መቼ አልክ?"

በጉ ገና ድስት ውስጥ ነበር። የሐምዱ ባለቤት ሳብሪያ በኩሽናው በር ብቅ እያሉ "ደረሰ፣ ደረሰ" ይላሉ። ከኋላቸው ኢልሀም ማስታጠቢያ ይዛ ወጣች። ዘመነ ሲያያት ደነገጠ።

"አንቺ! ትምህርት ቤት አይደለሽም?"

"እናቴ ብቻዋን ናት ቲቸር። እንግዳ አለብን።"

"እንግዳዋ እኮ የመጣችው ለአንቺ ነው!"

"አውቃለሁ። ይኸን ላድርስና እመጣለሁ" አለች። ዓይኗ ግን ሀኒያ ላይ ነበር፤ በተለይ ባልዲዋ ላይ።

ሀኒያ እጇን ልትታጠብ ተራዋ ሲደርስ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ጋሽ ሐምዱ፣ ይቅር በሉኝ። ጾመኛ ነኝ። የረመዳን ያለፈኝ ቀን ነበረብኝ፣ ዛሬ እየከፈልኩት ነው።"

ከኩሽና ሳብሪያ "አይ እኛ! ሰው ይጠየቃል እንጂ!" ሲሉ ተሰማ። ሐምዱ ግንባራቸውን ይዘው ሳቁ። "አላህ ይቀበልሽ። ምንም አይደለም፤ ለማፍጠሪያሽ ይቋጠርልሻል።"

የዘመነ ልብ ዘለለች። ዳነ! እንግዳዋ ካልበላች የሚቀመጡበት ምክንያት የለም። ብድግ አለ። "በሉ እንግዲህ፣ ሰዓቱ ሳይሄድ..."

"ወዴት?" አሉ ሐምዱ። "እናንተስ?"

እዚህ ላይ ነገሩ ሌላ ጓዝ ነበረው። በሞጣ የሙስሊም ቤት ክርስቲያን ሲጋበዝ፣ ሥጋው በክርስቲያን እጅ ታርዶ በክርስቲያን ቤት የተሠራ መሆን አለበት። ማንም ለማንም አይናገረውም፤ ከጥንት የታወቀ መከባበር ነው። ስለዚህ ሐምዱ ለዘመነና ለፋንታ ሲሉ ጎረቤታቸው አስናቀች ዶሮ እንድትሠራ ከዋዜማው ጀምሮ አስቸግረዋት ኖሯል። አሁን አስናቀች ራሷ የተሸፈነ መሶብ ይዛ በጓሮ በር ገባች።

"መምህር ሊሄድ ነው አሉ?" አለች መሶቡን ሳታስቀምጥ። "ሌሊት ተነሥቼ ሽንኩርት ሳቁላላ ያለቀስኩት ለማን ነው?"

ዘመነ ተቀመጠ።

አስናቀች አጠገቡ ቆማ ታጎርሰዋለች፤ አፉ ሞልቶ ሰዓቱን ያያል። ፋንታ የዶሮውን ፈረሰኛ ይግጣል። በዚያ ላይ ሐምዱ የሱቁን ወሬ፣ የአብዱልሐኪምን ቀልድ፣ የድሮውን ሞጣ እያነሡ ይጥላሉ። ጾመኛዋ እንግዳ ባልዲዋን በጉልበቷ አቅፋ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ሌሎቹ ሲበሉ ታያለች።

"ቲቸር" አለች በመጨረሻ ሳቋን አፍና፣ "እንግዳው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?"

ሲወጡ ኢልሀም ኩሽና ውስጥ ነበረች። የበጉ ሥጋ ገና አልበሰለም፤ ሳብሪያ ደግሞ ለማፍጠሪያ የሚሆነውን ሳትቋጥር ልጅቷን አልለቅም ብለዋል። "ሂዱ፣ እደርሳለሁ!" ብላ ጮኸችላቸው ከጢሱ መካከል።

ትምህርት ቤት ሲደርሱ ግማሹ ተማሪ ተስፋ ቆርጦ ወጥቷል። የቀሩት ጠረጴዛ እየደበደቡ ነበር። ዘመነ በዓይኑ የኢልሀምን ቦታ ፈለገ። ባዶ ነው። ትንሽ እንጠብቅ ሊል ፈለገና ሰዓቱን አየ፤ መጠበቂያ የለም።

ሀኒያ መግቢያ አላበዛችም። ከባልዲው ጥቁር የደረቀ ጓል አውጥታ፣ በሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጓሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ።

"ይኸን ታውቁታላችሁ" አለች። "ክረምት ላይ ጫማችሁን የሚቀማችሁ ነው።"

ክፍሉ ሳቀ። ጠረጴዛ የሚደበድበውም እጁን ሰበሰበ።

"ውሃ ሲነካው ያብጥና ስንጥቁን ራሱ ይዘጋል። ከዚያ ዝናቡ መግቢያ ያጣል፤ ላዩ ላይ ይተኛና እህሉን ያፍነዋል። ዝም ብላችሁ አትመኑኝ፤ እዩት።" ከኮዳዋ ውሃ ቀስ እያደረገች አፈሰሰችበት። "ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። እሱ እስኪዘጋ እኔ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንድ ገበሬ አምኖ ማሳውን ሰጠኝ። ውሃውን እንዲያወጣ ብዬ ያስቀደድኩት ቦይ ውሃውን ሁሉ ሰብስቦ መልሶ እህሉ ላይ ጣለው። የሰው ዓመት አበላሸሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሥራውን ልተወው ብዬ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ያልተውኩት..."

ያ ሰዓት መጣ። ልጆቹ ወደ ፊት ሰገግ ብለዋል፤ የፊተኛው ዴስክ ላይ ያሉት አፋቸው ተከፍቷል። የቢቸናው ክፍል፣ የመስኮቱ ብርሃን...

በሩ ተከፈተና ፋንታ ጋቢ በሁለት እጁ ይዞ ገባ።

"ይቅርታ፣ ይቅርታ! ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ፣ እንግዳችንን ሳናመሰግን እንዳንሸኝ ብዬ ነው። እንግዲህ እንደ ባህላችን..."

ከዚያ ስለ ባህል ተናገረ። ስለ ሞጣ ልጆች ተናገረ፣ ስለ ሴቶች ትምህርት ተናገረ፣ ስለ ጋቢው ፈታይ ተናገረ። ሀኒያ ጋቢ ለብሳ፣ በግንቦት ሙቀት፣ ጾመኛ ሆና ቆመች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። አንዲት ልጅ ከፊት "ለምን አልተዉትም?" ብላ ጠየቀች። ሀኒያ ልትመልስላት ስትዞር ደወሉ ተደወለ። የከሰዓቱ ፈረቃ በሩን ገፍቶ ገባ፤ የጠዋቱ በመስኮትም በበርም ወጣ።

"ጋቢውን መናኸሪያ ላይ ብትሰጣት ምን ነበረበት?" አለ ዘመነ ኮሪደሩ ላይ።

"መናኸሪያ ላይ?" ፋንታ ከልቡ ተገረመ። "ያለ ጭብጨባ?"

ዘመነ ጥሎት ወደ ሀኒያ ሄደ። ቢመልስለት የሚጸጸትበት መልስ ነበር።

ወደ መናኸሪያው በሩጫ ነው የሄዱት፤ ለወሬ የሚሆን ትንፋሽ አልተረፋቸውም። "ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ቲቸር" አለች ሀኒያ በሩ ላይ ሲደርሱ።

"መቼ?"

"እሱ ነው ችግሩ። ዝናቡ ከጀመረ ማሳውን ትቼ አልወጣም።"

ሚኒባሷ ሞልታ ሞተሯ ተነሥቶ ነበር። ሀኒያ ገብታ በመስኮቱ በኩል ስትቀመጥ ኢልሀም እየሮጠች መጣች። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ በእጇ በጨርቅ የታሰረ፣ ተደራርቦ የሚገጥም የብረት ምሳ ዕቃ ይዛለች።

"እናቴ አፍጥሪበት ብላለች" አለች ቁና ቁና እየተነፈሰች።

"አላህ ይስጥልኝ። አንቺ ነሽ ኢልሀም?"

"አዎ። እኔ..."

ረዳቱ በሩን ድርግም አድርጎ "ሳበው!" አለ።

አቧራው ሲበተን ዘመነ ወደ ኢልሀም ዞረ። "ቀረሽ!" አላት። ያን ያህል ጮኾባት አያውቅም።

"ሥጋው አልበስል አለ ቲቸር። ምን ላድርግ?" ዓይኗ እንባ አዝሏል፤ የጢስ ይሁን የሌላ አልታወቀም። "ምን አለች?"

"ምን ትላለች! ጀመረች እንጂ መቼ ጨረሰች። የሰው ማሳ አበላሽታ ሥራዋን ልትተው ነበር። 'ያልተውኩት' ስትል ጋቢ አለበሷት።"

"ያልተወችው ለምን ነበር?"

"አልሰማንም አልኩሽ እኮ!"

ኢልሀም ሚኒባሷ የሄደችበትን መንገድ እያየች ቆየች። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ዘመነ አፈሩን እንኳ አይቼ ልጽናና ብሎ የከሰዓቱ ፈረቃ ሲወጣ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ስርጉት ወለሉን እየጠረገች ነበር።

"እዚህ ዕቃ ውስጥ የነበረውስ?"

"ጭቃው? ደፋሁት። ዕቃውን ግን አጥቤ መስኮቱ ላይ አስቀምጬልሃለሁ" አለች። ምስጋና ትጠብቅ ነበር። አመሰገናት።

ሰኞ ወደ ሐምዱ ሱቅ የሄደው ቃሉን ለመፈጸም ነው፤ አልለምንዎትም ብሏል፣ አይለምንም። ልጅቷን በሰላም ግቢ ብሎ ሊሰናበት ነበር። ሐምዱ ሲያዩት አንገታቸውን ሰበሩ። "እንግዳዋን አከበርን ብለን..." ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ከባንኮኒው ጀርባ ሳብሪያ ተቀምጠዋል፤ የእሳቸው ሐዘን ሌላ ነው።

"ምሳ ዕቃዬ!" አሉ። "እህቴ ከጅዳ የላከችልኝ! ሰው ሲሸኝ በፌስታል ይቋጥራል እንጂ ያን ዕቃ ይሰጣል?"

"በሹፌር ትላከው" አሉ ሐምዱ።

"እኔ ሄጄ ላምጣው" አለች ኢልሀም። መደርደሪያው አጠገብ ሆና ጨርቅ ታጥፍ ነበር። ቀና አላለችም። "ሹፌር ይጥለዋል።"

"ብረት ቢወድቅ ምን ይሆናል?"

"ክዳኑ ይጠፋል አባ።"

ሐምዱ ልጃቸውን አዩ፤ ዘመነን አዩ። ዘመነ የሚያየው የሱቁን ጣሪያ ነበር። "ሄዳ ዕለቱን ትመለስ" አሉ ቀስ ብለው። "ግን ፓስፖርቱ እዚያው እንዳለ ነው። እኔ ምንም አላልኩም።"

"እኔም ምንም አላልኩም" አለ ዘመነ።

ረቡዕ ጠዋት መናኸሪያው ላይ ጠበቃት። አልጠራችውም፤ ራሱ መጣ። ኢልሀም የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታቅፋ ብቅ ስትል ፊቱ ተለዋወጠ።

"ስሚኝ ኢልሀም። እዚያ ስትደርሺ ቁርስ ብይ ይሉሻል፤ ቡና ይባላል፣ ምሳ ይባላል። መጀመሪያ ማሳውን አሳዩኝ በይ። ያበላሸችውን ቦታ አሳዪኝ በያት። ለምን እንዳልተወችው ሳትነግርሽ ውሃ እንኳ እንዳትጠጪ። ሰማሽኝ?"

"እሺ ቲቸር።"

"ይኸ የታቀፍሽው ምንድን ነው?"

ኢልሀም ከንፈሯን ነከሰች። "እናቴ ናት። ባዶ እጅሽን አትሄጂም ብላ። ምንም አይደለም፣ ዳቦ ነው።"

ዘመነ ዓይኑን ጨፈነ። ዳቦው ሲደርስ የሚሆነው ሁሉ ታየው፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ "ይኸን ከሞጣ ድረስ!" ይባላል፣ የሀኒያ የሥራ ባልደረቦች ይሰበሰባሉ፣ አንዱ ተነሥቶ ያመሰግናል። የመመለሻዋ ሚኒባስ ጥሩንባ ትነፋለች።

"አምጪው" አለ።

"ቲቸር፣ እናቴ..."

"አምጪው አልኩሽ! ግቢ!"

ገባች። ረዳቱ በሩን ዘጋ። ኢልሀም በመስኮቱ መጀመሪያ ደንግጣ አየችው፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ሚኒባሷ ወደ ቢቸና መንገድ ስትታጠፍ ዘመነ ገና ትኩስ የሆነ ትልቅ ድፎ ዳቦ በሁለት እጁ ታቅፎ መናኸሪያው መካከል ቀረ። ሳብሪያን ምን እንደሚላቸው አላወቀም።